ጥንድ ሆኖ የብዙ ቀን የተራራ ብስክሌት ውድድር መወዳደር፦ በሆሞሻ መንገዶች ላይ የተመሠረተ የአሠራር መመሪያ

የጥንድ የብዙ ቀን የተራራ ብስክሌት ውድድር ሁለት ጋላቢዎች እንደ አንድ ተወዳዳሪ የሚቆጠሩበት፣ የየቀኑ ሰዓታቸው ተደምሮ ደረጃ የሚወጣበት ውድድር ነው። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአልፕስን ተራሮች የሚያቋርጠው ትራንስአልፕ እና ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ ዌስተርን ኬፕ የሚካሄደው ኬፕ ኤፒክ በዚህ ዘርፍ ስማቸው የገነነ ነው። ኬፕ ኤፒክ 8 ቀን ይፈጃል። አንዱ ቀን አጭር መክፈቻ ሲሆን የቀሩት 7ቱ ረጃጅም ናቸው። ርቀቱ በአብዛኛው ከ600 እስከ 700 ኪሎ ሜትር ሲሆን የሚወጣው ዳገት ሲደመር ከ15,000 ሜትር ያልፋል፤ ከባሕር ጠለል ተነስቶ ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ከሦስት ጊዜ በላይ እንደ መውጣት ነው። ሁለቱ ጋላቢዎች ከ2 ደቂቃ በላይ መለያየት አይፈቀድላቸውም፤ ከተለያዩ በሰዓት ይቀጣሉ። የጥንዱ ሰዓት የሚቆመው ሁለተኛው ሰው መስመሩን ሲያልፍ ነው።

ይህ ደንብ ኢትዮጵያ ከምታውቀው ብስክሌት የተለየ አስተሳሰብ ይጠይቃል። አገሪቱ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ ብስክሌተኞች ያሰለፈች፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይን በቱር ደ ፍራንስ ያየች ናት። ያ ግን የአስፋልት ብስክሌት ነው፤ በአስፋልት ውድድር ረዳቶቹ ለአንዱ መሪ ደክመው ወደ ኋላ መቅረት ይችላሉ። በጥንድ ውድድር ወደ ኋላ የሚቀር ሰው የለም። እንደ ጥማድ በሬ ነው፤ እርሻው የሚሄደው በደካማው እግር ነው።

መጀመሪያ የሚመረጠው አጣማሪ እንጂ ብስክሌት አይደለም። ጉልበቱ ፍጹም እኩል የሆነ ሰው መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ አይገኝም፣ ቢገኝም በአራተኛው ቀን እኩል ሆኖ አይውልም። ይልቅ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው ዓላማ ነው፦ አንዱ ለደረጃ፣ ሌላው ለመጨረስ ብቻ ከመጣ ጠቡ ከመነሻው መስመር ይጀምራል። ሁለተኛው ሰውዬው ሲደክመው የሚናገር መሆኑ ነው። ይህ ሁለተኛው ከሳንባውም ከእግሩም ይበልጣል፤ ምክንያቱ ከታች በሰፊው ይመጣል። ክርስቶፍ ሳውዘር ኬፕ ኤፒክን 5 ጊዜ ሲያሸንፍ ከሦስት የተለያዩ አጣማሪዎች ጋር ነበር፤ ካርል ፕላትም እንዲሁ 5 ጊዜ፣ እሱም ከሦስት የተለያዩ ሰዎች ጋር። መጣመር ከአንድ ሰው ጋር የሚገጣጠም ዕድል ብቻ ሳይሆን የሚለመድ ሙያ መሆኑን ይህ ያሳያል።

የልምምዱ ወራት ከሆሞሻ የአየር ጠባይ ጋር በሚገባ ይስማማሉ። ሆሞሻ ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መስመር ላይ የምትገኝ የአሶሳ ዞን ወረዳ ናት። አሶሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ወደ ኩርሙክ በተወረደ ቁጥር ቆላው ይጠነክራል። ኬፕ ኤፒክ የሚካሄደው በመጋቢት ነው። ስለዚህ ዋናው ልምምድ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ማለትም ዝናቡ ካቆመ በኋላ ባለው በጋ ይውላል፤ ሙቀቱም ለመጋቢት ሙቀት ሰውነትን ያዘጋጃል። ክረምት ላይ ቀይ አፈሩ ጎማን ጠቅልሎ ስለሚይዝ መጋለቡ ትርፍ የለውም። ኮረብታዎቹ ረጃጅም አይደሉም፤ ሆኖም እየተከታተሉ የሚመጡ ናቸው፣ ለጥንድ ልምምድም ከአንድ ረጅም ተራራ ይሻላሉ፤ መውጣትና መውረዱ በቀን ሃምሳ ጊዜ ይደገማልና።

በአካባቢው ሁለት ነገር ሳይረጋገጥ ከዋናው መንገድ መውጣት አይገባም። የመጀመሪያው ፈቃድ ነው፤ ወረዳው ለሱዳን ድንበር ቅርብ በመሆኑ የሚኬድበት ቀበሌና የሚመለሱበት ሰዓት ለወረዳው አስተዳደርና ለጸጥታ ጽሕፈት ቤቱ አስቀድሞ ይነገራል፤ አትሂዱበት የሚሉት ቦታ ካለ አይኬድም። ሁለተኛው የወርቅ ጉድጓድ ነው። በዚህ አገር በባህላዊ መንገድ ወርቅ ይቆፈራል፤ የተተወ ጉድጓድ በሣር ተሸፍኖ ይቆያል። እግር የረገጠው የሚታይ ቀጭን መንገድ ካልሆነ በቀር በሣር ውስጥ አይጋለብም። ሣሩ በበጋ ሲቃጠል ጉድጓዱ ይታያል፤ ነገር ግን የጉቶው ጫፍ እንደ ጦር ሹል ሆኖ ስለሚቀር ጎማ ይበሳል።

ብስክሌቱ ባለ 29 ኢንች ቸርኬ ቢሆን ይመረጣል። የሁለቱም ጋላቢዎች ብስክሌት አንድ ዓይነት ጎማ፣ አንድ ዓይነት ካቴና እና አንድ ዓይነት የፍሬን ሸራ የሚወስድ መሆን አለበት፤ በጫካ መካከል አንዱ የሌላው መጋዘን ነው። ካመነዳሪ በሌለው ጎማ ውስጥ የሚፈስሰው ፈሳሽ ማሸጊያ እሾህ የበሳውን ቀዳዳ ራሱ ይደፍናል። በቆላ ሙቀት ግን ቶሎ ስለሚደርቅ በየሦስት ሳምንቱ ጎማው ተነቅንቆ ይሰማል፤ ፈሳሽ ካልተንቦጫረቀ ደርቋል ማለት ነው። ማሸጊያው ከአዲስ አበባ ተይዞ መምጣት ይኖርበታል። በመንገድ ላይ ያለ ጎሚስታ ካመነዳሪ ይለጥፋል፤ የዚህን ጎማ ሥራ ግን ሁሉም አይለምደውምና ሁለቱም ጋላቢዎች ዓይናቸውን ጨፍነው እስኪሠሩት ድረስ ቤት ውስጥ ይለማመዱ። እያንዳንዳቸው አንድ ትርፍ ካመነዳሪ ይይዛሉ። ነፋሱ ለ70 ኪሎ ሰው ከ1.6 እስከ 1.9 ባር በቂ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ጥንድ የሚወድቅበት፣ ጸሐፊውም የወደቀበት ደረጃ ነው፦ የእርምጃ ስምምነት። ብርቱው ጋላቢ ዳገት ሲመጣ ሳያስበው ይቀድማል። ጫፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ትንፋሹን ይሰበስባል። ደካማው እየተንጠራራ ሲደርስ ብርቱው «ደረስክ? እንሂድ» ብሎ ይነሣል። በዚህ መንገድ በእያንዳንዱ ኮረብታ ላይ ዕረፍት የሚያገኘው ያልደከመው ሰው ብቻ ነው፤ የደከመው አንድም ጊዜ አያርፍም። ብርቱው ግን ራሱን እንደ ታጋሽ ይቆጥራል፤ ጠብቋልና።

ጉዳቱን የሚያባብሰው ይሉኝታ ነው። «ደህና ነህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «ደህና» ይላል። አጣማሪውን ላለማዘግየት፣ ሸክም ሆኖ ላለመታየት፣ «በቃኝ» ማለት ስለሚያሳፍር ይዋሻል፤ ውሸቱም የጨዋነት ውሸት ነው። ጸሐፊው በሆሞሻ አካባቢ በተደረገ የሦስት ቀን ልምምድ ይህን ጥያቄ በየኮረብታው ጫፍ ጠይቆ በየጊዜው «ደህና» የሚል መልስ አግኝቷል። በሦስተኛው ቀን ወደ አሶሳ ሲመለሱ አጣማሪው ከማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጠና መነሣት አቃተው። ኪሱ ሲታይ የሁለተኛው ቀን ምሳ በሙሉ ሳይነካ ተገኘ። ለመድረስ ሲሯሯጥ እጁን ከመሪው አንሥቶ የሚጎርስበት ጊዜ አላገኘም ነበር። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም።

መፍትሔው ጥያቄውን ማስቀረት ነው። ዳገት ላይ ደካማው ይቅደም፣ ብርቱው ከኋላው ይሁን። ከኋላ ያለ ሰው ሳይጠይቅ ያያል፦ የትከሻውን መወዛወዝ፣ ፔዳሉ ሲጎተት፣ ጠርሙሱ ሳይነካ የቆየበትን ጊዜ። በሜዳ ላይ ብርቱው ፊት ሆኖ ነፋሱን ይከልላል፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ግን ከኋላ ያለው ነው። ቁልቁለት ላይ ጉልበት ሳይሆን ችሎታ ይቀድማል፤ በደንብ የሚወርደው ከፊት ሆኖ የተሻለውን መስመር ያሳያል፣ ታች ሲደርስም በሚታይበት ቦታ ይቆማል። ጥላ ፍለጋ ከመንገድ ወጥቶ መቆም የ2 ደቂቃውን ደንብ ከማስጣሱም በላይ የወደቀ ሰው የሚታይበትን ዕድል ያሳጣል።

ንግግሩም በሦስት ቃላት ይወሰን፦ «ልክ ነው»፣ «ቀንስ»፣ «ቁም»። ከኋላ ያለው ሰው በየ10 ደቂቃው ከሦስቱ አንዱን ሳይጠየቅ ይናገራል። «ቀንስ» የሚለው ቃል የተለመደ የሥራ ቃል እስኪሆን ድረስ በልምምድ ቀን ብርቱውም ባይደክመው እንኳ ይበለው፤ እፍረቱ የሚጠፋው ሁለቱም ሲሉት ነው። እናንተ ሁለታችሁ ይህን ሳትስማሙ ውድድር ውስጥ አትግቡ። አትለያዩ። ጫፍ ላይ ከተጠባበቃችሁም የኋለኛው ከደረሰ በኋላ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁሙ፤ እሱ ይጠጣ፣ እሱ ይጉረስ፣ «እንሂድ» የሚለውም እሱ ይሁን። የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያ ሰዓት ደግሞ በእግር ሳይሆን በአፍ ይለካ፦ ከሁለታችሁ አንዱ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መናገር ካልቻለ ፍጥነቱ በዝቷል።

ከዚህ ደረጃ በኋላ የቀረው ቀላል ነው። በሳምንት ሦስት አጭር ጉዞና አንድ ረጅም ጉዞ፣ በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ሦስት ቀን ተከታትሎ መጋለብ በቂ መሠረት ይሆናል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ ከቀኑ 5 ሰዓት በፊት መግባት ከሙቀቱ ያድናል። ሳምንቱ ሲመረጥ ጾም ይታሰብ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ፊት ስለሚቀድም ወሩ አይጸናም፤ በ2018 ዓ.ም. ረመዳንና ሁዳዴ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጀምረዋል። እንዲህ ባለ ዓመት በሆሞሻ ሙስሊምና ክርስቲያን ቢጣመሩ ሁለቱም ጿሚ የሚሆኑበት ወቅት ነው። ያኔ ከባዱ ጉዞ ከጾሙ በፊት ያልቃል፣ በጾሙ ጊዜ ቀለል ያለው ከማፍጠሪያው ሰዓት አጠገብ ይደረጋል።

ምግብ በጉዞ ላይ የሚለካው በሰዓት ነው፤ በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት። ለዚህ ከውጭ የሚመጣ የታሸገ ጣፋጭ አስፈላጊ አይደለም። በማር የታሸ በሶ በፌስታል ተቋጥሮ አንዱ ጥግ ሲቀደድ እየተጨመቀ ይበላል፤ ጸሐፊው ከዚህ የሚበልጥ አላገኘም። ሙዝ፣ በወቅቱ ደግሞ ማንጎ ይጨመራል። ማታ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ የሚተካው የለም፤ ሆድ አይከብድም፣ ጨውም ፈሳሽም ይመልሳል። ለ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ተበጥብጦ ከጠርሙሶቹ በአንዱ ይያዛል። የወንዝ ውኃ ሳይፈላ ወይም እንደ ውኃ አጋር ባለ የውኃ ማከሚያ ሳይታከም አይጠጣም።

ስለ ትኩሳት ጠንከር ያለ ቃል ያስፈልጋል። አሶሳና አካባቢዋ የወባ አገር ነው። የልምምድ ድካምና የወባ መጀመሪያ በጣም ይመሳሰላሉ፦ ራስ ምታት፣ የአካል መሰባበር፣ ብርድ ብርድ ማለት። ትኩሳት ያለው ሰው «ይለቀኛል» ብሎ ወደ ኮርቻ አይመለስም፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር፣ ሌሊትም ከአጎበር ውጪ አይተኛ። ወባ በትንኝ ከተነከሱ ከሳምንት በላይ ቆይቶ ሊነሣ ይችላል። ዌስተርን ኬፕ ወባ የሌለበት አገር በመሆኑ በዚያ ትኩሳት የያዘው ጋላቢ ከወባ አካባቢ መምጣቱን ሳይጠየቅ ለሐኪሙ መናገር ግዴታው ነው፤ ሐኪሙ ይህን ካልሰማ ጉንፋን ሊመስለው ይችላል።

ወደ ውድድሩ ለሚደረገው በረራ የብስክሌቱ ፔዳሎች ይፈታሉ (የግራው በተቃራኒ አቅጣጫ ይፈታል)፣ የጎማው ነፋስ ይቀነሳል፣ መሪው ይጠመዘዛል። የውድድሩ ደንብ መግፋትን፣ መጎተትንና የውጭ እርዳታን በተመለከተ የሚፈቅደው ከውድድር ውድድር ስለሚለይ ሁለቱም ጋላቢዎች አብረው ተቀምጠው ያንብቡት፤ አንዱ አንብቦ ለሌላው መንገር አይበቃም።

በውድድሩ ቀናት ማታ የሚሠራው ከሚጋለበው አይተናነስም። ከመድረሻው በኋላ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ይበላል፤ ከዚያ ገላ ይታጠባል፣ የላብ ቁምጣ ወዲያው ይወልቃል። ኮርቻ ቆዳን የሚያቆስለው ከደረቅ ላብ ተነሥቶ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ከቆሰለ እስከ ስምንተኛው አይድንም። ብስክሌቱ ታጥቦ ካቴናው ይቀባል፣ ጎማው በጣት ተዳብሶ እሾህ ይፈለጋል። ከመተኛት በፊት ሁለቱ አጣማሪዎች የነገውን ካርታ ይዘው ማን በየትኛው ዳገት እንደሚቀድም ይስማሙ። የዛሬው ጥፋት ካለ በዚህ ሰዓት ይነገር፤ በማግስቱ ዳገት ላይ አይነሣ።

አራተኛው ወይም አምስተኛው ቀን ላይ ብርቱና ደካማ ይለዋወጣሉ። ይህ በአብዛኞቹ ጥንዶች ላይ ይደርሳል፤ ተራው ሲለወጥ የዳገቱ ቅደም ተከተልም ወዲያው ይለወጥ። ከሁለቱ አንዱ ማቋረጥ ካለበት ጥንዱ ከደረጃ ሰንጠረዡ ይወጣል፤ ስለዚህ ጤና ተፈትሾ የሕክምና ባለሙያው የሚለው ይሰማ፣ ውሳኔውም በመንገድ ዳር ሳይሆን በድንኳን ውስጥ ይሁን። በመጨረሻው ቀን መድረሻው ሲታይ ብርቱው ብቻውን አይፈትልክ። ሁለቱ ጎን ለጎን ይግቡ፤ የጥንዱ ሰዓት ሁለተኛውን ጎማ ይጠብቃል።