የአኮ ጉልበት፦ ዝንጅብሉም ሐኪሙም በየቦታቸው

ነቀምቴ ላይ ክረምቱ ሲጠና የጨለለቂ ሰፈር አዛውንቶች ከቤት መውጣት ይቀንሳሉ። አንዱ ምክንያት ጭቃው ነው፣ ሌላው ጉልበታቸው። አኮ (እዚህ አገር አያትን የምንጠራው እንዲህ ነው) ከበርጩማቸው ለመነሣት አንድ እጃቸውን መሬት፣ ሌላውን የልጅ ልጃቸው ትከሻ ላይ ያደርጋሉ። "ብርድ ገብቶብኝ ነው" ይላሉ። መደርደሪያው ላይ ጎረቤት ያመጣችው የዝንጅብልና የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ፣ ከገበያ የተገዛ የጥቁር አዝሙድ ዘይትና ሚኒሶታ ያለ ልጅ የላከው የግሉኮሳሚን ብልቃጥ አለ። ፍራሹ ሥር ደግሞ ግማሹ ያለቀ ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ እሽግ። ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያነሡም።

ዝንጅብሉን ጣሉ ልላችሁ አልመጣሁም። እኔ የባህል መድኃኒትን የምመዝነው በሚገባበት ቦታ ነው፦ ቆዳ ላይ የሚቀረውን፣ ወደ ሆድ የሚወርደውንና ቆዳ የሚበጣውን በአንድ ዓይን አላይም። አዛውንት የምታስታምሙ ልጆችና የልጅ ልጆች እንዲህ ጀምሩ።

1. "ብርድ" የተባለውን ለዩ

በዕድሜ የሚመጣውን የመገጣጠሚያ ሕመም ሐኪሞች ኦስቲዮአርትራይተስ ይሉታል። በአጥንቶቹ ጫፍ ላይ ያለው ካርቲሌጅ የተባለ ልስልስ ሽፋን ይሳሳል፣ መገጣጠሚያው ይቆጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2019 እ.ኤ.አ. 528 ሚሊዮን ሰዎች ይህ ሕመም ነበረባቸው፤ ከሁሉ በላይ የሚያጠቃውም ጉልበትን ነው። ጠዋት ሲነሡ ጉልበቱ ይይዛል፣ ግን ብዙውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይፍታታል። ዳገትና ደረጃ ያባብሰዋል፣ ዕረፍት ያቀለዋል፣ ሲታጠፍ ይንቋቋል።

ከዚህ የወጣ ነገር ካያችሁ ቅባቱን ተዉትና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ጉልበቱ ድንገት ቀልቶ፣ አብጦና ግሎ ትኩሳት ከመጣ ያንኑ ቀን ነው። የእጅ ጣቶች በሁለቱም በኩል አብጠው ጠዋት ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚገትሩ ከሆነ ሌላ ዓይነት ሕመም ነው። ከወደቁ በኋላ መቆም ካቃታቸው ራጅ ያስፈልጋል። አንድ የሚረሳ ነገርም ልጨምር፦ ያልፈላ ወተት የሚጠጣ ሰው ትኩሳት እየተመላለሰበት መገጣጠሚያውን ካመመው ብሩሴሎሲስ ሊሆን ስለሚችል በደም ምርመራ ይታያል።

2. ሁሉንም አንድ ፌስታል ውስጥ ክተቱ

ቅባቱን፣ ዱቄቱን፣ ጭማቂውን፣ ከውጭ የመጣውን ብልቃጥ፣ የደም ግፊቱንና የስኳሩን ኪኒን ሁሉ ሰብስባችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የባህሉን ከዘመናዊው ጋር ጎን ለጎን መጠቀም የአዛውንት አመል ብቻ አይደለም። በነቀምቴ ሆስፒታል የእርግዝና ክትትል በሚያደርጉ 250 እናቶች ላይ ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግማሽ ያህሉ የዕፅዋት መድኃኒት እንደሚጠቀሙ አሳይቷል። ሰዉ ይጠቀማል፤ ይቆጡኛል ብሎ ግን አይናገርም። ሐኪሙ ቢቆጣ እንኳ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡና "ከኪኒናቸው ጋር የሚጣላ አለ?" ብላችሁ ጠይቁ።

3. የሚቀባው

ለዚህ ክፍል ልቤ ሰፊ ነው። በኢራን በአረጋውያን ላይ የተደረገ አንድ አነስተኛ ሙከራ ጥቁር አዝሙድ ዘይት ጉልበት ላይ መቀባት ሕመሙን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሙከራው ትንሽ ቢሆንም የዘይቱም ጉዳት ትንሽ ነው። መጀመሪያ ክንድ ላይ ጠብታ ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። ካላሳከከ ጉልበቱን በሞቀ ውኃ በተነከረ ፎጣ ለ15 ደቂቃ ሸፍናችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ዘይቱን በቀስታ እሹት። የውኃውን ሙቀት የምትለኩት በራሳችሁ ክርን ነው፤ ስኳር ያለባቸው አዛውንት እግራቸው ሲቃጠል ላይሰማቸው ይችላል።

ፌጦ ሌላ ነገር ነው። ተወቅጦ በውኃ ሲለወስ የሚወጣው የሚያቃጥል ነገር ከሰናፍጭ ጋር ይዛመዳል፤ በጨርቅ ታስሮ ሲያድር ቆዳውን አቃጥሎ ውኃ ያስቋጥራል። በፌጦ ታስረው ካደሩ በኋላ ከጉልበታቸው ይልቅ ቁስላቸውን ሲያስታምሙ የከረሙ አዛውንት አውቃለሁ። ጤና አዳም ደግሞ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ ከተወጣ ቆዳን ያቆስላል። የበርበሬ ቅባት የሚጠቀሙም አሉ፤ የማቃጠሉ ባሕርይ ከካፕሳይሲን ስለሚመጣ በፋብሪካ የተሠራውን ከመድኃኒት ቤት መግዛት ይሻላል። ቤት በተሠራው ውስጥ ያለውን መጠን የሚያውቅ የለም።

4. የሚጠጣው

ዝንጅብል በሻይ፣ እርድ በወጥ፣ ነጭ ሽንኩርት በምግብ ይሁን። ተጨምቆ በብርጭቆ ሲሆን ግን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ ሰው መድማት ሊያመጣ ይችላል። አብሽም ስኳር ስለሚያወርድ ከስኳር ኪኒን ጋር ሲደረብ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ከሁሉ የምፈራው ስም የሌለውን ዱቄትና ኪኒን ነው። "ቆሪቻ" (መድኃኒት) ተብሎ በወረቀት ተጠቅልሎ የመጣ ነገር ለዓመታት የቆየን ሕመም በሁለት ቀን ካጠፋ ደስ አይበላችሁ። በብዙ አገሮች እንዲህ ያሉ "የዕፅዋት" መድኃኒቶች ሲመረመሩ እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ ስቴሮይድ ተቀላቅሎባቸው ተገኝቷል። ፊት ያብጣል፣ ስኳርና ግፊት ይወጣል፣ አጥንት ይሳሳል። ለሳምንታት የወሰዱት ከሆነ በአንድ ጊዜ አታቋርጡባቸው፤ ድንገት ማቆሙ ራሱ አደጋ ስላለው ሐኪም ይወስን።

የሚኒሶታው ብልቃጥ ጉዳቱ በይበልጥ ለኪስ ነው። በአሜሪካ 1,583 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት ውጤት በ2006 እ.ኤ.አ. ሲታተም ግሉኮሳሚንና አብሮት የሚሸጠው ኮንድሮይቲን በአጠቃላይ ሲታዩ ከባዶ ኪኒን ብዙም አልተለዩም። አብዛኛው ግሉኮሳሚን የሚሠራው ከሽሪምፕና ከመሰሎቹ ቅርፊት መሆኑንም ለአኮ ንገሯቸው፤ የሚጦሙም የማይስማማቸውም ይኖራሉ። ላኪውን ልጅ በዚያ ገንዘብ ወንበር ያሠራላቸው በሉት፤ የወንበሩን ነገር እመለስበታለሁ።

5. ወጌሻና ምላጭ

ቀስ ያለ መታሸት ጡንቻን ያፍታታል፣ ልብንም ያሳርፋል። ነገር ግን በዚህ ሕመም የወለቀ አጥንት ስለሌለ የሚጎተትና የሚመለስ ነገር የለም። ጠብቆ መታሰርም አይፈቀድ፤ ደም የተከለከለ እግር እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ዋግምትና ብጣት ላይ ሐሳቤ አጭር ነው፦ አይደረግ። ካልሆነም ምላጩ ዓይናችሁ እያየ ከወረቀቱ የወጣ አዲስ ይሁን፤ ጉበትን የሚያጠቃው ቫይረስም ኤች አይ ቪም በጋራ ምላጭ ይተላለፋሉ።

6. ወንበርና ጭን

ያለ ኪኒን ጉልበትን የሚረዳው ትልቁ ነገር የጭን ጡንቻ ነው። አኮን ወንበር ላይ አስቀምጧቸው። አንድ እግራቸውን ቀጥ አድርገው ያንሡ፣ እስከ 5 እየቆጠሩ ያቆዩ፣ በቀስታ ያውርዱ። በየእግሩ 10 ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እጃቸውን ሳይደገፉ ከወንበሩ መነሣትና መቀመጥ ይጨመር፣ መጀመሪያ 5 ጊዜ። ትንሽ ማመሙ ያለ ነው፤ በማግሥቱም ካልለቀቃቸው ቁጥሩን ቀንሱ። ለውጡ ለመታየት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል።

ከዚያ ቤቱን አስተካክሉ። ቡና የሚያፈሉበት በርጩማ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከፍ ያለ መቀመጫ ይሠራላቸው፣ ከሰሉም በዚያው ልክ ይነሣ። ለመጸዳጃ መሃሉ የተከፈተ ወንበር ማንኛውም አናጢ ይሠራል፤ ቁጢጥ ማለት ለታመመ ጉልበት ከዳገት የባሰ ነው። ከዘራው ከሚያመው እግር በተቃራኒ እጅ ይያዝ። ውፍረት ካለ አንድ ኪሎ መቀነስ በየእርምጃው ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ያነሣል።

7. ጻፉ

አዲስ ነገር አንድ በአንድ ጀምሩ። ዘይቱንም ጭማቂውንም እንቅስቃሴውንም በአንድ ቀን ከጀመራችሁ የትኛው እንደረዳ አይታወቅም። ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር ከ10 ስንት እንዳመማቸው በየማታው ጻፉ። አንድ ቅባት በአራት ሳምንት ቁጥሩን ካላወረደው ይቅር።

ዳይክሎፌናኩን ግን ዛሬውኑ ከፍራሹ ሥር አውጡት። ከግፊት መድኃኒት ጋር ለወራት ሲወሰድ ኩላሊትንም ጨጓራንም ይጎዳል፤ አኮ ለማንም ሳይናገሩ ስንት እንደወሰዱ ደግሞ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሳትቆጡ ጠይቋቸው።