በምሰሶ ላይ የቆመ ሕንጻ ምን ያህል ይሰምጣል?

መሬቱ ደካማ በሆነበት ስፍራ መጋዘን ወይም ባለ ብዙ ፎቅ ሕንጻ የሚያሠራ ነጋዴ፥ መሐንዲሱ «ፓይል ያስፈልጋል» ሲለው ይሰማል። ፓይል ማለት የሕንጻውን ክብደት ከላይኛው ደካማ አፈር አሳልፎ ወደ ጥልቁ የሚያደርስ፥ ከኮንክሪት ወይም ከብረት የሚሠራ ረጅም የመሠረት ምሰሶ ነው። ብዙ ባለንብረቶች ምሰሶው አንዴ ከተተከለ ሕንጻው ከቶ የማይነቃነቅ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ምሰሶው አለት ላይ ካልደረሰ ክብደቱን የሚሸከመው ያው አፈር ነውና፥ ሕንጻው ጥቂት መስመጡ አይቀርም።

በሥራው ቦታ አንድ ምሰሶ ተመርጦ ክብደት ይጫንበትና ስንት ሚሊሜትር እንደ ወረደ ይለካል። ይህ ፈተና ምሰሶው ጭነቱን መቻሉን ያስረዳል፤ የሕንጻውን መስመጥ ግን አያስረዳም። የአንድ ምሰሶ ጫና የሚሰማው በአቅራቢያው ያለ አፈር ብቻ ሲሆን፥ መቶ ምሰሶዎች ባንድነት ሲጫኑ ጫናቸው ተደምሮ የሕንጻውን ወርድ ያህልና ከዚያም በላይ ወደ ታች ይወርዳል። ደግሞም ፈተናው በሰዓታት ወይም በቀናት ያልቃል፤ የሸክላ አፈር ግን በውስጡ ያለውን ውሃ ቀስ በቀስ እየለቀቀ የሚታመቀው በዓመታት ነው። ካርል ተርዛጊ ይህን የመታመቅ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ ከገለጸ ወዲህ፥ ከጥልቁ የወጣ ናሙና በላቦራቶሪ ቀለበት ውስጥ እየተጫነ ይመረመራል።

ለምሳሌ ወርዱ 20፥ ርዝመቱ 30 ሜትር የሆነ መጋዘን ከነዕቃው 6000 ቶን ይመዝን እንበል። ምሰሶዎቹ 15 ሜትር ይገባሉ። በተለመደው የእጅ ስሌት ክብደቱ ሁሉ በምሰሶዎቹ ርዝመት ሁለት ሦስተኛ ላይ፥ ማለት በ10 ሜትር ጥልቀት እንዳረፈ ይቆጠራል። ከዚያ በታች 10 ሜትር ውፍረት ያለው ሸክላ፥ ከሸክላውም ሥር አለት ይኑር። ጫናው ሁለት ሜትር በወረደ ቁጥር በአራቱም ጎን አንድ አንድ ሜትር እየሰፋ ስለሚሄድ፥ በሸክላው መካከል 25 በ35 ሜትር ይሆናል። 6000 ቶን ለ875 ካሬ ሜትር ሲካፈል ለአንዱ ካሬ ሜትር 6.9 ቶን ያህል ይደርሰዋል። ላቦራቶሪው «ይህ አፈር በካሬ ሜትር አንድ ቶን ሲጫንበት በየሜትሩ ውፍረት 2 ሚሊሜትር ይታመቃል» ካለ፥ መስመጡ 6.9 በ2 በ10፥ ይኸውም 14 ሴንቲሜትር ግድም ነው። መስመጡ በሁሉም ወገን እኩል ከሆነ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም፤ ከባዱ ዕቃ ለብዙ ዓመት በአንድ ወገን ብቻ ከተከመረ ግን ግድግዳ ይሰነጠቃል፥ በርም አልዘጋ ይላል።

የአፈሩ ንብርብር ሲለያይ ወይም ጎረቤት ሕንጻ ሲኖር ኮምፒዩተር ያስፈልጋል። እርሱም አፈሩንና ምሰሶዎቹን በብዙ ሺሕ ክፍሎች ከፋፍሎ የእያንዳንዱን መታመቅ ያሰላል። ሆኖም በሁለት ጉድጓድ ቁፋሮ ብቻ የተሠራ ባለ ቀለም ሥዕል ባለንብረቱን ያስደስት ይሆናል እንጂ ስላልተመረመረው ሸክላ አንዳች እውቀት አይጨምርም።

በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው ባለ 58 ፎቅ ሚሌኒየም ታወር ከ900 በላይ ምሰሶዎች አሉት። ምሰሶዎቹ ያረፉት በጠንካራ አሸዋ ውስጥ ነው፤ ከአሸዋው ሥር ግን ወፍራም የሸክላ ንብርብር አለ። አስቀድሞ የተገመተው መስመጥ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ2016 ሕንጻው 40 ሴንቲሜትር ያህል ሰምጦ ማዘንበሉ ታወቀ። ምክንያቱ በአጠገቡ የተደረገው ቁፋሮ ነው ያሉም ነበሩ፤ ክርክሩ በስምምነት አለቀ። ከዚያም አለቱን የሚነኩ፥ ከ70 ሜትር በላይ የሚወርዱ 18 አዳዲስ ምሰሶዎች በሁለት ወገኑ ተተክለው ሥራው እ.ኤ.አ. በ2023 ተፈጸመ።

ስለዚህ ባለንብረቱ ውል ከመፈረሙ በፊት ቁፋሮው ከምሰሶዎቹ ጫፍ በታች ቢያንስ የሕንጻውን ወርድ ያህል መውረዱን፥ ከሸክላውም ናሙና መወሰዱን ይጠይቅ። ግንባታው ሲጀመርም በዓምዶቹ ላይ የመለኪያ ምልክት አስተክሎ፥ ልኩን በየጊዜው ከግምቱ ጋር ማስተያየት ይገባዋል።