የነፍሳት ዱቄት በምግብ ውስጥ፦ ከመግዛታችን በፊት ምን እንይ?

አንበጣ ሲባል ብዙ አባቶችና እናቶች የሚያስታውሱት ማሳ ጨርሶ የሚሄደውን መንጋ ነው። ዛሬ ግን አንበጣና ሌሎች ነፍሳት ለምግብነት ይረባሉ፤ ደርቀው ተፈጭተውም ከብስኩትና ከፓስታ ጋር ይቀላቀላሉ። በእስራኤል ሀርጎል የተባለው ኩባንያ በዚሁ ሥራ ይታወቃል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2021 አንበጣና የዱቄት ትል ለምግብ እንዲሸጡ ፈቅዷል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ከደረቁ ዱቄት ብዙውን ጊዜ ከግማሽ በላዩ ፕሮቲን ነው፤ ነፍሳቱም ከከብት ያነሰ መኖና ውሃ ይበቃቸዋል።

ስለዚህ ነታንያ ውስጥ ከውጭ የመጣ የፕሮቲን ምግብ ስትገዙ ሦስት ነገሮችን አስተውሉ።

1. ይዘቱ፦ በዕብራይስጥ «ሐጋብ» ወይም «አርቤ» ማለት አንበጣ፣ «ቶላዓት ቄማሕ» ማለት የዱቄት ትል ነው።

2. አለርጂ፦ የአቧራ ወይም የሽሪምፕ አለርጂ ያለበትን ሰው ዱቄቱ ሊያሳምመው ይችላል። አስቀድማችሁ ሐኪም ጠይቁ። ፊት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ወዲያው 101 ደውሉ።

3. ካሽሩት፦ ዘሌዋውያን 11፥22 የተወሰኑ የአንበጣ ዓይነቶችን ይፈቅዳል። የየመን አይሁዶች የትኛው እንደሚበላ በትውፊት ስለሚያውቁ ይበሉ ነበር። ትል ግን አይፈቀድም። የካሽሩት ማኅተም ከሌለው ቄስ ወይም ራቢ ሳትጠይቁ አትግዙ።

ጽሑፉ ካስቸገራችሁ የልጅ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ። መቅመሱም መተዉም የእናንተ ፈንታ ነው፤ ብቻ የምትበሉትን እወቁ።