ስሙና ድንጋዩ፦ ከጢያ እስከ ሐምበሪቾ

የዕረፍት ጊዜ በተቃረበ ቁጥር ከመካከላችን ብዙዎች ባላገር ወጥተው ለመጐብኘት ያስባሉ። አሳቡ ሲነሣ አክሱም፥ ላሊበላ፥ ጎንደር ይባላል፤ የቀረው አገር ግን «ምን የሚታይ አለበት?» ተብሎ ይታለፋል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆን ዘንድ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ሆሳዕና የሚደርሰውን መንገድ እንከተል። ርቀቱ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ላሳስብ፤ በዚህ መንገድ ላይ የሰማውን ስም ሁሉ አምኖ የሚሄድ ሰው ብዙ ይሳሳታል። (የዘመኑ ቁጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

አዋሽን ስንሻገር መልካ ቁንጡሬን እናገኛለን። ጥንታውያን ሰዎች ድንጋይ ጠርበው መሣሪያ ያደረጉበት ስፍራ ሲሆን፥ ከባልጪት ጋር ሆኖ በ2024 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በአቅራቢያውም ከአንድ ዐለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም አለች። ጊዜ ያለው ሁለቱንም ይይ፤ እኔ ግን ወደ ጢያ እቸኩላለሁ።

ጢያ በሶዶ ምድር ከመንገዱ ዳር ያለች ትንሽ መንደር ናት። አውቶቡሱ ቆም ብሎ ያልፋታል፤ የማያውቅ ተሳፋሪ በመስኮት እንኳ ላያያት ይችላል። ሆኖም ከመንደሩ ጥግ 36 ድንጋዮች ተተክለዋል፤ ከእነዚህም 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። አብዛኛው ምልክት ሰይፍ ነው፤ በአንዱ ድንጋይ ላይ ብዙ ሰይፎች ጫፋቸውን አዘቅዝቀው ተደርድረው ይታያሉ። ክብ ክብ ምልክትም አለ፤ እንደ ቅጠል ቅርንጫፍ ያወጣም አለ፤ ይህን የመጨረሻውን አንዳንዶች የእንሰት ቅጠል ነው ይሉታል። ጢያ በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች፤ በሶዶ አካባቢ ብቻ እንዲህ ያለው ስፍራ ወደ 160 ይጠጋል።

የአካባቢው ሰው እነዚህን ድንጋዮች ምን ሲላቸው ኖሯል? «የግራኝ ድንጋይ» ነው የሚላቸው። ግራኝ የተባለው ኢማም አሕመድ ኢብራሂም ግን የተዋጋውና የሞተው በ16ኛው ምዕተ ዓመት ነው፤ የወደቀውም በ1543 ነው። ከድንጋዮቹ ሥር የቈፈሩት ሊቃውንት፥ ከእነርሱም ፈረንሳዊው ሮዤ ዡሶም፥ ያገኙት መቃብር ነው፤ ሙታኑ እግራቸውን አጥፈው የተቀበሩ ናቸው፤ ዘመኑም ከ12ኛው እስከ 14ኛው ምዕተ ዓመት ይደርሳል። ስለዚህ ድንጋዮቹ ሲተከሉ ግራኝ ገና አልተወለደም። በአገራችን የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ያፈረሰው እርሱ፥ የቆመ ድንጋይ ሁሉ የተከለው እርሱ ነው ማለት የተለመደ ነው፤ አንድ ሰው ይህን ሁሉ በምን ጊዜ ሠራው ብሎ የሚጠይቅ አልተገኘም። ነገሩ ግን ከቀልድ ያለፈ ነው። ትልቁ ስም ገብቶ ቦታውን ሲይዝ የእውነተኞቹ ሠሪዎች ስም ጠፋ። ዛሬ መቃብሩን ቈፍረን አጥንቱን እናውቃለን፤ ሰዎቹ ራሳቸውን ምን ብለው ይጠሩ እንደ ነበር ግን የሚነግረን የለም።

ቡታጅራንና ወራቤን አልፈን ሆሳዕና ስንገባ ደግሞ ሌላ ዓይነት ስም ይገጥመናል። ሆሳዕና ከፋሲካ በፊት ያለው እሑድ ነው። ከተማውን የቈረቈሩት የአፄ ምኒልክ ሹም ራስ አባተ ቧያለው ሲሆኑ፥ ስሙም ከዚያው በዓል የመጣ ነው ይባላል። «ከተማ» የሚለው ቃል በዚያን ዘመን የጦር ሰፈር ማለት እንደ ነበር እናስታውስ፤ የሆሳዕናም አነሣሥ እንዲሁ ነው። ስፍራው ግን ቀድሞ ዋቸሞ ይባል ነበር። ይህ ስም እንደ ጢያዎቹ ሰዎች ስም አልጠፋም፤ በሕዝቡ አፍ ቆይቶ ዛሬ በዩኒቨርሲቲው በር ላይ ዋቸሞ ተብሎ ተጽፏል። ከተማይቱም አሁን የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት።

«ሐዲያ» የሚለውስ? በዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በ14ኛው ምዕተ ዓመት የደማስቆው ተወላጅ አል ዑመሪ ስለ ሐዲያ መንግሥት ሲጽፍ ንጉሡ 40,000 ፈረሰኛ ያሰልፋል፥ ለመገበያያም ብረት ይሠራበታል ብሏል። (የፈረሰኛው ቍጥር ተጋኖ ሊሆን ይችላል፤ ጸሐፊው አገሩን በዓይኑ አላየውም።) ያ ሐዲያ ግን ዛሬ በካርታ ላይ ከምናየው የሐዲያ ዞን ጋር አንድ አይደለም። ጀርመናዊው ሊቅ ኡልሪኽ ብራውኬምፐር ከሽማግሌዎች ሰብስቦ እንዳሳየው ሕዝቡ በጦርነትና በፍልሰት ብዙ ተዘዋውሯል፤ ከጥንቱ ሐዲያ የሚወለዱ ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ሕዝቦችም አሉ። ዋቸሞ ላይ ቦታው ቆሞ ስሙ ተለወጠ፤ እዚህ ግን ስሙ ቆሞ ቦታው ተንቀሳቀሰ።

የሐዲያን ታሪክ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ የምናውቀው ሳናውቀው ነው። የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ባለቤት ንግሥት እሌኒ የሐዲያ ገራድ ልጅ ነበረች። ለሕፃኑ ልብነ ድንግል ሞግዚት ሆና አገር ያስተዳደረችው፥ ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ ደብዳቤ አስይዛ ወደ ፖርቱጋል የላከችውም እርስዋ ናት፤ ማቴዎስ በ1514 ሊዝበን ገባ። ስለ እሌኒ ስንማር «ንግሥቲቱ» እንላለን፤ የመጣችበትን አገር ግን አንጠይቅም።

ከሆሳዕና ወደ ደቡብ ሲወርዱ ከምባታ ነው፤ በዱራሜና በአንጋጫ መካከል የሐምበሪቾ ተራራ ቆሟል። ቀድሞ ወማ በሚባል ንጉሥ ይተዳደር የነበረው ሕዝብ አመጣጡን ከዚህ ተራራ ጋር ያያይዛል። ዛሬ መውጫው 777 ደረጃ ተሠርቶለታል። ከላይ ሆኖ ቍልቍል የሚመለከት ሰው መጀመሪያ መንደር ያለ አይመስለውም፤ እንሰት ብቻ ነው። ቤቱ በእንሰቱ መካከል ተሸሽጎ ይገኛል፤ ክብ ጎጆ ነው፥ መካከሉ በምሰሶ የተደገፈ፤ ከብቱም በአንዱ ወገን በዚያው ቤት ያድራል። ይህ ለከተማ ልጅ የድኅነት ምልክት ይመስለዋል። ሥራውን ለተመለከተ ግን ሌላ ነው፤ የከብቱ ፍግ እንሰቱን ያሳድጋል፥ የእንሰቱ ቅጠል ከብቱን ይቀልባል። እንሰቱ ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ከደረሰ በኋላ ግን ዝናብ ቢቀርም ቆሞ ይጠብቃል፤ ተፍቆ የተቀበረው ቆጮም በጕድጓድ ውስጥ ብዙ ይቆያል። በአንድ ዓመት ድርቅ ጎተራው ባዶ ከሚቀረው እህል አብቃይ አገር ጋር ያስተያዩት።

እንሰትን የሚፍቁት፥ ቆጮውንና ቡላውን የሚያወጡት ሴቶች ናቸው፤ የእንሰቱን ዓይነት በየስሙ ለይተው የሚያውቁትም በተለይ እነርሱ ናቸው። የትኛው ለቡላ፥ የትኛው ለአምቾ፥ የትኛው ለመድኃኒት እንደሚሆን ቢጠየቁ ብዙ ይናገራሉ። በጢያ የምንጠይቀው ሰው አልቋል፤ እዚህ ግን በየደጃፉ አለ። ጎብኚው ግን ወንዶቹን አነጋግሮ ይመለሳል፥ ማስታወሻውም ላይ «እንሰት» ብሎ በአንድ ቃል ይጨርሰዋል።

ለመሄድ የሚያስብ በበጋ ወራት ቢሄድ ይሻላል፤ በክረምት የሐምበሪቾ ደረጃ ያዳልጣል። ጢያ ለመውረድ ለሾፌሩ አስቀድሞ መንገር ነው። ደግሞም የሐዲያውም የከምባታውም ቋንቋ ከአማርኛ የራቀ ስለ ሆነ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ከየክፍላችን የዚያ አገር ልጅ አይታጣም፤ እርሱ ወይም እርስዋ አብረው መሄድ ካልቻሉ ጉዞውን ለሌላ ዕረፍት ማቆየት ነው።