ላዩ ያማረ፣ ውስጡ የበሰበሰ፦ ስለ ምሥጢረ ንስሐ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ የዛሬው ትምህርታችን ስለ ምሥጢረ ንስሐ ነው። ንስሐ ከሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ እንደ ሆነ ሁላችንም ተምረናል። ንስሐ መግባት እንደሚገባንም እናውቃለን። የምንሳሳተው በጥልቀቱ ላይ ነው፤ ላዩን አጥበን ውስጡን እንተወዋለን። ስለዚህ ዛሬ ዓይናችሁ ከለመደው ነገር ተነሥተን ደረጃ በደረጃ እንማር።

ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ የሚገኘው የወንጪ ሐይቅ በጥንታዊ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ያረፈ ነው። በሐይቁ ላይ ባለችው ደሴት የቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ሊሳለም የሚሄድ ሰው በጀልባ ይሻገራል። ሞተር የሚታሰርባትን አንዲት አሮጌ የፋይበርግላስ ጀልባ አስቡ። ከአካሏ ሁሉ ትልቁን ሸክም የሚችለው የኋላ ግድግዳዋ ነው፤ የሞተሩ ክብደትም፣ ጀልባዋን የሚገፋት ኃይልም የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው። በአሮጌ ጀልባዎች ይህ ግድግዳ ብዙ ጊዜ በሁለት የፋይበርግላስ ሽፋኖች መካከል የተቀበረ ወፍራም ኮምፔርሳቶ አለው። ሽፋኑ አይበሰብስም። እንጨቱ ግን ይበሰብሳል።

እንዴት? ሞተሩ በታሰረበት ብሎን ዙሪያ ያለው ማሸጊያ በጊዜ ብዛት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በዚያች ቀዳዳ ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ይገባል። አንዴ ከገባ መውጫ የለውም፤ ሽፋኑ ያፍነዋል። የእንጨት እርጥበት ከ20 በመቶ በታች እስከ ሆነ ድረስ አይበሰብስም፤ ከዚያ በላይ ሆኖ ሲሰነብት ግን አበስባሽ ፈንገስ ያድርበታል። ለዚህ ደግሞ ጨው ካለው ከባሕር ውሃ ይልቅ የዝናብና የሐይቅ ውሃ ይመቸዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን የጀልባዋ ቀለም እንዳማረ ነው፤ ሰውም ያለ ሥጋት ይሳፈርባታል።

የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፦ ኃጢአት በትንሽ ቀዳዳ ይገባል፤ የሚያሰነብተው መሸፈኑ ነው። ንጉሥ ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዶ፣ ኦርዮንም አስገድሎ በደሉን ከሸፈነ በኋላ በዙፋኑ ላይ እንደ ተቀመጠ ነበር። ነቢዩ ናታን እስኪመጣ ድረስ ልጅ ተፀንሶ ተወልዷል (2ኛ ሳሙኤል 11 እና 12)። በውጭ ንግሥናው ሳይጎድል ቆየ፤ በውስጡ ግን፣ በመዝሙር 31 ራሱ እንደሚመሰክረው፣ በዝምታው ወራት አጥንቱ ያረጅ ነበር።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ምርመራ ነው። ባለሙያ የጀልባዋን ግድግዳ በመዶሻ እጀታ እያንኳኳ ያዳምጣል። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው የታፈነ ድምፅ ያሰማል። ከተጠራጠረ ከውስጥ በኩል በቀጭን ድሪል ይበሳና የሚወጣውን ፍቅፋቂ ያያል፤ ደረቅና ነጣ ያለ ከሆነ ደግ ነው፣ እርጥብና የጠቆረ ከሆነ ነገሩ ተገለጠ። ኅሊናችንንም እንዲህ እየነካን እንመርምር። ስሙ ሲነሣ የምንቆጣበት ሰው ማን ነው? ወሬውን የምናስቀይረው ጉዳይ የቱ ነው? ድምፁ የታፈነው እዚያ ነው። ዳዊት ራሱን ለብቻው ሊያይ አልቻለም፤ ናታን አስፈለገው። ለእኛም የንስሐ አባት የተሰጠን ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው፣ መደረግ የሌለበትን ማወቅ ነው። አንዳንዱ ስንጥቁን ሞልቶ ቀለም ይቀባዋል። አንዳንዱ ብሎኑ ሲላላ ወፍራም ብሎን ያስገባበታል። አንዳንዱ በእርጥቡ እንጨት ውስጥ ሬዚን የሚባለውን፣ ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ ያፈስሳል፤ ሬዚን ግን በእርጥብና በበሰበሰ እንጨት ላይ አይጸናም። ነቢዩ ሕዝቅኤል ደካማውን ግንብ በገለባ አልባ ጭቃ የሚመርጉትን የገሠጸው (ምዕራፍ 13) ለዚህ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ምርጉም ግንቡም አብረው ይወድቃሉ። በንስሐ አባታችን ፊት ቀርበን «በሁሉም በድያለሁ» ብለን ብቻ፣ የበደልነውን ሳንናገር የተመለስን እንደ ሆነ፣ የቀባነው ቀለም ነው።

አራተኛው መክፈትና ማውጣት ነው። ባለሙያው ሞተሩን ያወርዳል። ጀልባዋ እንዳትጣመም ሥሯን በሚገባ ይደግፋል። ከዚያ የውስጠኛውን ሽፋን ይቆርጣል፤ የውጭውን ግን አዲሱ እንጨት ቅርጹን እንዲይዝበት ያስቀረዋል። የበሰበሰውን በመሮ እየፈለፈለ ያወጣል፤ ለስላሳው ካለቀ በኋላም የጠቆረው ቢቀር አይተወውም። ቀጥሎ ያስቀረውን ሽፋን ፈግፍጎ፣ አጽድቶ፣ እስኪደርቅ ይጠብቃል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ደዌ ስለ ወጣበት ቤት የሚያዝዘው ሥርዓት ይህን ይመስላል፦ ካህኑ ቤቱን 7 ቀን ይዘጋዋል፤ የታመሙት ድንጋዮች ይወጣሉ፤ ውስጡ ዙሪያውን ይፋቃል፤ ከዚያ ሌላ ድንጋይና ሌላ ምርጊት ይገባል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ሳይወጣ አዲስ አይገባም። ኑዛዜ ማለት ይህ ማውጣት ነው፤ ከጸጸት ይጀምራል፣ በስሙ ጠርቶ በመናገር ይፈጸማል። የሚያሳፍር ነው፤ ነገር ግን ጀልባዋ ስትከፈት አስቀያሚ መሆኗ የመዳኗ መጀመሪያ ነው።

አምስተኛው አዲሱን መትከል ነው። በካርቶን ልክ ይወሰዳል። ብዙ ጊዜ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ኮምፔርሳቶዎች ውሃ በማይፈታው ሙጫ ይጣበቁና 36 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። ጠርዛቸው ሁሉ ሬዚን ይጠጣል፤ በሞርሳ ይጠበቃሉ። ከዚያ የፋይበርግላስ ጨርቅ በሬዚን እየራሰ በንብርብር ይለበሳል፤ እያንዳንዱ ንብርብር ከበፊቱ ሰፍቶ ወደ ጎንና ወደ ወለል ይወርዳል፤ የሞተሩን ሸክም ጤነኛው አካል እንዲካፈለው ነው። ቀኖናም እንዲህ ነው። ጾሙ፣ ጸሎቱ፣ ስግደቱና ምጽዋቱ ከቁስሉ አልፎ ወደ ኑሯችን ሁሉ ይዘረጋል። ዘኬዎስ የንስሐው ፍሬ ከልቡ አልፎ ወደ ቤቱና ወደ ሰዎች ደረሰ፤ ለድኾች አካፈለ፣ ለበደላቸውም አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ (ሉቃስ 19)።

እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ሬዚኑ ከማጠንከሪያው ጋር የሚቀላቀለው በልክ ነው። ማጠንከሪያው ቢበዛ ሬዚኑ ቶሎ ይግልና ይሰነጠቃል፤ ቢያንስ ሳይደርቅ ይቀራል። ወንጪ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,900 ሜትር ገደማ ያለ ብርዳም አገር ነው፤ በብርድ ሬዚን ይዘገያል፣ ስለዚህ ሙቀት ያለበት ሰዓት ተመርጦ ይሠራል፣ ይጠበቃልም። የንስሐ አባት ቀኖናን በየሰው አቅም የሚመጥነው በዚህ መንፈስ ነው። የታዘዘውን አንቀንስ፤ በራሳችንም ፈቃድ አናብዛ።

ነገር ግን፣ ምእመናን፣ ምሳሌው የሚያበቃበት ድንበር አለ፤ ይህን ካልያዝን እንስታለን። ቀኖና የኃጢአት ዋጋ አይደለም። ማንም በስግደቱ ብዛት ሥርየትን አይገዛም። ዋጋው በመስቀል ላይ በክርስቶስ ደም ተከፍሏል። ቀኖና የተፈወሰውን የሚያጸና መድኃኒት ነው። የማሰርና የመፍታት ሥልጣንን ጌታ ለሐዋርያት ሰጠ (ዮሐንስ 20፥23)፤ ከእነርሱም በክህነት ወርዶ ካህኑ ይፈታናል። ከፍትሐቱ በኋላ ወደ ሥጋ ወደሙ እንቀርባለን። የበሰበሰ እንጨት ተመልሶ ጤነኛ አይሆንም፤ እግዚአብሔር ግን በደለኛውን ሰው ራሱን ጻድቅ አድርጎ ያቆመዋል።

ስድስተኛው ጥበቃ ነው። ባለሙያው ሥራውን ጨርሶ የብሎን ቀዳዳዎቹን በዘፈቀደ አይበሳም። ሰፋ አድርጎ ይበሳል፣ በኢፖክሲ ሬዚን ይሞላል፣ ሲደርቅ በመሐሉ እንደገና ይበሳል፤ ብሎኑ እንጨቱን ሳይነካ ያልፋል። ማሸጊያውንም በየጊዜው ያያል። እናንተም የወደቃችሁበትን በር እወቁት። በመጠጥ ከሆነ ቤቱን፣ በሐሜት ከሆነ ጨዋታውን፣ በገንዘብ ከሆነ ሒሳቡን ጠብቁ።

«እፈራለሁ» የሚል አለ። ቅድስት ኢየሉጣም ልትጣልበት በነበረው በሚፈላው ጋን ፊት ፈርታ ነበር። ያበረታት የሦስት ዓመት ልጇ ቅዱስ ቂርቆስ ነው፤ በሐምሌ 19 የምናስበው መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል እሳቱን እንዳበረደላቸው ነው። ፍርሃቷ ወደ ጋኑ ከመግባት አላገዳትም፤ የሚያጸናት አጠገቧ ነበርና። ለእናንተም በኑዛዜ ሰዓት አባታችሁ አጠገባችሁ ነው፤ የሚሰማችሁም መሐሪው አምላክ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር አድርጉ። የሸፈናችሁትን አንድ ነገር በስሙ ጥሩት። ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ፤ ከሌላችሁም ከደብራችሁ ካህናት አንዱን ያዙ። የበደላችሁት ሰው ካለ፣ ቀኖናው እስኪፈጸም ሳትጠብቁ ሄዳችሁ ታረቁት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።