ነጭ የደም ሴል በምን እግሩ ይሄዳል?

ስለ ኤች አይ ቪ በተነሳ ቁጥር «ነጭ የደም ሴሎች የሰውነታችን ወታደሮች ናቸው» ሲባል ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ይሁን፣ ወታደር ናቸው እንበል። ወታደር ግን ጠላት ወዳለበት መሄድ አለበት። ታዲያ እግር የሌለው ሴል እንዴት ይሄዳል? የዛሬው ትምህርታችን ይኸው ነው። ጠንከር ስለሚል ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዴቪድ ሮጀርስ በማይክሮስኮፕ የቀረጹት አጭር ፊልም አለ። አንድ ነጭ የደም ሴል በቀይ የደም ሴሎች መሀል እየተሹለከለከ ባክቴሪያ ያሳድዳል። ባክቴሪያው ሲታጠፍ እሱም ይታጠፋል፤ በመጨረሻ ይደርስበትና ይውጠዋል። ቁርጥ ድመትና አይጥ! ግን ሴሉ ዐይንም አንጎልም የለውም። ሥራውን ሁሉ የሚሠሩለት ፕሮቲኖች ናቸው።

ዋናው ፕሮቲን አክቲን ይባላል። በጡንቻችን ውስጥም በብዛት አለ። አንድ አክቲን ለብቻው እንደ ጨሌ ፍሬ ድብልብል ነው። ፍሬዎቹ ሲሰካኩ ግን ክር ይሆናሉ። የክሩ ውፍረት 7 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሚሊሜትር ለሚሊዮን ቢከፈል አንዱ ክፋይ 1 ናኖሜትር ይሆናል።

ሕንፃ ሲሠራ ከአጣና የሚቆመውን መወጣጫ አይታችሁ ይሆናል። ሠራተኞቹ አንዱን ወገን ሲጨርሱ አጣናውን ይነቅሉና ቀጥሎ ወዳለው ወስደው ያቆሙታል። ሴልም እንደዚሁ ነው። ከፊት በኩል አዲስ የአክቲን ፍሬ ይሰካል፤ ከኋላ አሮጌው ይፈርሳል፤ የፈረሰው ተመልሶ ፊት ላይ ይሰካል። ፊት ያለው ክር ሲያድግ የሴሉን ሽፋን ይገፋል፤ ሴሉም ወደፊት ይሳባል። አሮጌውን ክር እየቆራረጠ የሚያፈርሰው ፕሮቲን ኮፊሊን ይባላል። ስሙን ያዙልን፣ በኋላ እንመለስበታለን።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ክሩ በሁሉም በኩል እኩል ቢሠራ ሴሉ በአራቱም አቅጣጫ ይገፋና ከቦታው አይነቃነቅም። ስለዚህ «እዚህ ጋ፣ አሁን» የሚል ትእዛዝ ያስፈልጋል። ትእዛዙን አንድ ፕሮቲን ብቻውን አይሰጥም፤ ብዙዎች ተገጣጥመው አንድ አካል ሲሆኑ ነው። ይህን «የፕሮቲን ጥምረት» እንበለው።

የመጀመሪያው ጥምረት አርፕ 2/3 ነው። 7 ፕሮቲኖች አሉት። በነባር የአክቲን ክር ጎን ላይ ይቀመጥና 70 ዲግሪ ገደማ ያዘመመ ቅርንጫፍ ያስወጣል። (ፕሮትራክተር ያላችሁ ደብተራችሁ ላይ ሳሉት።) ቅርንጫፉም ሌላ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ እንዲህ እያለ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ይሆናል። ሽፋኑን የመግፋት ጉልበት የሚገኘውም ከዚህ ነው።

አርፕ 2/3 ግን ካልቀሰቀሱት ይተኛል። ከቀስቃሾቹ አንዱ ዌቭ የሚባለው ጥምረት ሲሆን 5 ፕሮቲኖች አሉት። ከአምስቱ አንዱ የመቀስቀሻ ጅራት አለው፤ ሌሎቹ ጅራቱን ደብቀው ይይዙበታል። የባንክ ካዝና አስቡ። አንዱ ሰው ቁልፉን ይዞ ቢመጣ ሌላው ከሌለ አይከፈትም። ዌቭም እንደዚያው ነው። ራክ የሚባል ፕሮቲን መጥቶ ሲይዘው፣ በሴሉ ሽፋን ላይ ልዩ ቅባቶች ሲያገኝ፣ ፎስፌትም ሲለጠፍበት፣ ያኔ ጅራቱ በደንብ ይፈታል። ራክ የሚነቃው ደግሞ የባክቴሪያው «ሽታ» በመጣበት ወገን ነው። ለዚህ ነው በፊልሙ ላይ ሴሉ ያለ ዐይን የሚታጠፈው! የዌቭ ጥምረት ቅርጽ ተጠንቶ የታተመው በ2010 (እ.ኤ.አ.) ነው።

ከእነዚህ አንዱ ቢጎድልስ? በ1937 (እ.ኤ.አ.) ጀርመናዊው ሐኪም አልፍሬድ ቪስኮት ስለ ሦስት ወንድማማቾች ጻፉ። ሕፃናቱ ይደማሉ፣ ቆዳቸው ይቆስላል፣ ጆሯቸው እየደጋገመ ያመረቅዛል፤ በመጨረሻም ሞቱ። እኅቶቻቸው ግን ጤነኞች ነበሩ። በ1954 አሜሪካዊው ሮበርት አልድሪች በሽታው ከእናት ወደ ወንድ ልጅ የሚወረስ መሆኑን አሳዩ፤ በ1994 ደግሞ የተበላሸው ዘረ መል ተገኘ። ይህ ዘረ መል የሚያሠራው ዋስፕ የሚባለውን የዌቭ ዘመድ ሲሆን፣ እሱም አርፕ 2/3ን ከሚቀሰቅሱት አንዱ ነው። በ2020ም ከዌቭ አምስት ፕሮቲኖች አንዱ የጎደላቸው ሕፃናት ተገኝተዋል። እነሱም ኢንፌክሽን ይመላለስባቸው ነበር። እነዚህ በሽታዎች በዘር የሚወረሱ ናቸው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፉም። ኤድስ አይደሉም።

ወደ ኤች አይ ቪ እንምጣ። ቫይረሱ የራሱ አክቲን የለውም፤ ስለዚህ የሰው ይጠቀማል። ሥራ ያልጀመረ፣ ያረፈ የሲዲ4 ሴል ከሽፋኑ ሥር ጥቅጥቅ ያለ የአክቲን አጥር አለው። በ2008 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቫይረሱ ሲዲ4ን ከያዘ በኋላ ሲኤክስሲአር4 የሚባለውን ተቀባይ ሲነካ ወደ ሴሉ ውስጥ መልእክት ይገባል። መልእክቱም ኮፊሊንን ይቀሰቅሳል። አያችሁ ተንኮሉን? ሌባው አጥር አይሰብርም፤ የቤቱን ሠራተኛ ጠርቶ «አፍርስልኝ» ይላል።

«እንግዲያው ኮፊሊንን የሚያግድ መድኃኒት ይሠራልና!» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ችግሩ ግን ልብም፣ ጡንቻም፣ ያ ባክቴሪያ አሳዳጁ ሴልም በአክቲን ነው የሚሠሩት። ከመርዛማ እንጉዳይ የሚገኝ ፋሎይዲን የሚባል ንጥረ ነገር የአክቲን ክር እንዳይፈርስ ጠፍሮ ይይዛል። ተመራማሪዎች ክሩን ቀለም ለመቀባት ይጠቀሙበታል እንጂ መድኃኒት አያደርጉትም። ዛሬ በስፋት የሚሰጡት የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቶች በአብዛኛው የሚያጠቁት የቫይረሱን የራሱን ኢንዛይሞች ነው፤ ለምሳሌ አር ኤን ኤውን ወደ ዲ ኤን ኤ የሚገለብጠውን፣ ወይም ያን ዲ ኤን ኤ ከሰው ዲ ኤን ኤ ጋር የሚያጋጥመውን።

በክበባችሁ ተወያዩበት፦
አርፕ 2/3 እያለ ዌቭ ሁልጊዜ ክፍት ቢሆን ባክቴሪያ የሚያሳድደው ሴል ምን ይሆናል? ኮፊሊን ጨርሶ ባይኖርስ?