አሮጌዋ ሴይቼንቶ

ዕቃ ሲያረጅ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። ወይ ይጣላል፣ ወይ ይታደሳል። ገበሬ ማረሻው ሲዶለዱም አይጥለውም፤ ባለእጅ ዘንድ ወስዶ ያስቀጠቅጠዋል። ሞፈሩ ሲሰበር ሌላ እንጨት ጠርቦ ይተካል። የከተማ ሰውም መኪናው ስታረጅ እንደዚሁ ያስባል። ልሽጣት? ወይስ ላድሳት?

በዚህ ንባብ አንዲት አሮጌ የጣሊያን መኪና በመኖሪያ ግቢ ውስጥ እንዴት እንደምትታደስ እንማራለን። “እኛ መኪና የለን፤ ይሄ ምን ያደርግልናል?” የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ትምህርቱ ለመኪና ብቻ አይደለም። ለውሃ ፓምፕም፣ ለወፍጮም፣ ሞተር ላለው መሣሪያ ሁሉ ያገለግላል።

የሰፈሩና የመኪናዋ ስም

ታሪኩ የሚጀምረው ከካዛንቺስ ነው። ካዛንቺስ በአዲስ አበባ መካከል፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን ይዞ በነበረበት ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቹ በዚያ ቤቶች ሠራ። ቤቶቹን ያሠራው ድርጅት በአጭሩ ኢንቺስ ይባል ነበር። በጣሊያንኛ “ካሴ” ማለት ቤቶች ማለት ነው። “ካሴ ኢንቺስ” የሚለው ስም በሕዝቡ አፍ ሲመላለስ ካዛንቺስ ሆነ። ወራሪው ተባረረ፤ ስሙ ግን ቀረ።

በጋራዥ ውስጥም እንዲሁ ነው። መኪና፣ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ፍሬቻ፣ ላሜራ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ዛሬ ግን ማንም እንደ ባዕድ ቃል አይቆጥራቸውም። መካኒኩ የራሱ አድርጓቸዋል።

ፊያት የሚባለው የመኪና ፋብሪካ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1899 ቶሪኖ በምትባል የጣሊያን ከተማ ተቋቋመ። በ1955 አንዲት ትንሽ መኪና አወጣ። ስሟ ፊያት 600 ነው። ስድስት መቶ በጣሊያንኛ “ሴይቼንቶ” ይባላል፤ ሕዝቡም በዚሁ ስም ጠራት። ሴይቼንቶ ክብደቷ 600 ኪሎ ገደማ ነው። ሞተሯ ያለው ከኋላ ነው። የቤንዚን ታንኳና ባትሪዋ ደግሞ ከፊት ናቸው። የመጀመሪያዋ ሞተር 633 ሲሲ ነበር። ከ1960 ጀምሮ የወጣችው ግን 767 ሲሲ ሞተር አላት።

ድሮ በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀቡ ሴይቼንቶዎች ታክሲ ሆነው ይሠሩ ነበር። ብዙ ባለታክሲ ቤተሰቡን ያስተዳደረው በእሷ ነው። በኋላ ቦታዋን ላዳ ወሰደችው። ላዳም ብትሆን በሩሲያ የተሠራችው የፊያት 124ን ንድፍ ይዛ ነው። ጣሊያን ሴይቼንቶን መሥራት ያቆመችው በ1969 ነው። ትናንት በየመንገዱ የነበረችው መኪና ዛሬ ብርቅ ሆናለች። ብዙዎቹን የክረምት ዝናብ በላቸው። ሌሎቹን ቆራሌው በኪሎ ገዛቸው።

አባትና ልጅ

እንደ ምሳሌ አንድ የቀድሞ ባለታክሲ እንውሰድ። ሽማግሌው ካዛንቺስ ውስጥ ይኖራሉ። ሴይቼንቷቸው በግቢያቸው ጥግ፣ በሸራ ተሸፍና፣ ብዙ ዓመት ቆማለች። ጎማዎቿ ተንፍሰዋል። ዶሮዎች ከሥሯ ይተኛሉ። አንድ ቀን ቆራሌው በበር በኩል እየጮኸ ሲያልፍ ልጃቸው እንዲህ አለ።

“አባዬ፣ ይቺ መኪና እዚህ ቆማ ከምትበሰብስ ብንሸጣት አይሻልም?”

“ልጄ፣ አንተን ያስተማርኩህ እኮ በእሷ ነው” አሉ ሽማግሌው። “ሞታም ከሆነ መርምሬ ልወቅ። ሳላያት አልሸጣትም።”

“እንግዲያው መፍቻዎቹን ላምጣ?”

“የለም። መጀመሪያ ደብተርና እርሳስ አምጣ።”

ሽማግሌው ትክክል ናቸው። “ከመጠምጠም መማር ይቅደም” ይባላል። ከመፍታት በፊትም ማወቅ ይቅደም። ሥራው የሚከተለው ቅደም ተከተል አለው።

አንደኛ፦ መመርመርና መጻፍ

በመኪናዋ አካል ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለ። ይህ ቁጥር በሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት። አንድ ካልሆነ መኪናዋን ለማደስ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ጉዳዩን ማጣራት ያስፈልጋል። ማንበብ የማይችል ሰው ይህን ልዩነት ሳያይ ያልፋል፤ የሌላ ሰው ንብረት ሊገዛም ይችላል።

ቀጥሎ ብረቱ ይመረመራል። ካቻቢቴ ይዞ የመኪናዋን ወለል፣ ከበሮቹ በታች ያለውን ብረትና የባትሪውን ማስቀመጫ ወጋ ወጋ ማድረግ ነው። ጤነኛ ብረት ይጮኻል። የበሰበሰ ብረት ግን ዝም ብሎ ይበሳል። ሴይቼንቶ እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ቻሲ የላትም። አካሏ ራሱ ቻሲዋ ነው። ስለዚህ ጎማዎቹን የሚሸከመው ብረት ከበሰበሰ ቤት ምሰሶው በምስጥ እንደተበላ ይቆጠራል። የተገኘው ጉዳት ሁሉ በደብተሩ ላይ ይጻፋል።

ሁለተኛ፦ ከአደጋ መጠበቅ

የባትሪው ገመድ ይፈታል። በታንኩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ከቤት ውጭ፣ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ይቀዳል። በዚያ ሰዓት በግቢው ውስጥ ከሰል አይያያዝም፤ ቡናም አይፈላም። የቤንዚን ጋዝ አይታይም፤ ነገር ግን መሬት ለመሬት ሄዶ እሳቱን ያገኘዋል።

መኪናዋን በክሪክ ብቻ አንሥቶ ከሥሯ መግባት ክልክል ነው። ክሪክ ይንሸራተታል። ወፍራም የእንጨት ጉማጅ ወይም ጠንካራ የብረት መቆሚያ ከሥር ይደረጋል። የድሮ የፍሬን ሸራ ደግሞ አስቤስቶስ የሚባል ነገር ሊኖርበት ይችላል። አቧራው ሳንባን ይጎዳል። ስለዚህ በአፍ እፍ አይባልም፤ በረጠበ ጨርቅ ይጠረጋል።

ሦስተኛ፦ መፍታትና ስም መስጠት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ቀን ሁሉንም ይፈታል። ብሎኑን ሁሉ በአንድ ሳፋ ይከምራል። ከሦስት ወር በኋላ የትኛው የየት እንደሆነ አያውቅም። “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” ማለት ይሄ ነው።

ብልህ ሰው ባዶ ጣሳዎች ይሰበስባል። በየጣሳው ላይ ወረቀት ይለጥፍና ይጽፋል። “የፊት ግራ ፍሬን።” “የኋላ መከላከያ፣ 4 ብሎን።” “የቀኝ በር ማጠፊያ።” በደብተሩም ላይ የተፈታበትን ተራ ይመዘግባል። መልሶ ሲገጥም ደብተሩን ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው ያነባል። መጨረሻ የተፈታው መጀመሪያ ይገጠማል።

አራተኛ፦ ዝገቱን ማውጣት

ዝገት እንደ በሰበሰ ጥርስ ነው። ከላይ ቢሸፍኑት ከሥር መብላቱን አይተውም። አንዳንድ ሰው ቀዳዳውን በስቱኮ ሞልቶ ቀለም ይቀባል። ለጊዜው ያምራል። አንድ ክረምት ሲያልፍ ግን ቀለሙ ያብጥና ይፈርሳል። ትክክለኛው ሥራ የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ቆርጦ ማውጣት፣ አዲስ ላሜራ መበየድ፣ ከዚያም የዝገት መከላከያ ቀለም መቀባት ነው። ከብየዳ በፊት የቤንዚን ታንኩ ወጥቶ ይርቃል። ባዶ ታንክም ቢሆን ይፈነዳል። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይቆረጥም፤ አካሉ እንዳይጣመም አንዱ ተበይዶ ሳያልቅ ሌላው አይነካም።

አምስተኛ፦ ሞተሩን ማስነሣት

ብዙ ዓመት የቆመ ሞተር በሞተሪኖ በግድ አይዞርም። ፒስተኖቹ ተጣብቀው ሊሆን ይችላል። አራቱ ካንዴላዎች ይወጣሉ። በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ይጨመራል። ጥቂት ቀን ይጠበቃል። ከዚያ በእጅ ቀስ እያሉ ማዞር ነው። እምቢ ካለ ጉልበት አይጨመርም፤ ዘይት ተጨምሮ እንደገና ይጠበቃል። “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።”

የሴይቼንቶ ሞተር በውሃ ይቀዘቅዛል። ቴስታታዋ አሉሚኒየም ስለሆነ ሙቀት ሲበዛበት ይጣመማል። ስለዚህ ራዲያተሩ ይታጠባል፤ የውሃ ቱቦዎቹና ቺንጋው ይለወጣሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አየሩም ስስ ነው። ካርቡራተሩ ለቆላ እንደተስተካከለ ከቀረ ሞተሩ አየር ያንሰውና ጥቁር ጭስ ያወጣል። ለደጋ መስተካከል አለበት። ሞተሩ ከጋለ በኋላ የራዲያተሩን ክዳን መክፈት ፊትን ያቃጥላል።

ስድስተኛ፦ ፍሬን ከቀለም ይቅደም

ሞተሩ ሲነሣ ሰው ሁሉ ይደሰታል። ወዲያው ቀለም ልቀባ፣ ወዲያው ልንዳ ይላል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። የማትነሣ መኪና ማንንም አትገድልም፤ የማትቆም ግን ትገድላለች። በሴይቼንቶ የፍሬን ዘይቱ ለአራቱም ጎማ የሚሄደው በአንድ መስመር ነው። አንዱ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ፍሬን ይጠፋል። ስለዚህ አሮጌ የጎማ ቱቦዎችና የፍሬን ላስቲኮች “ገና ደህና ናቸው” ተብለው አይታለፉም፤ ይለወጣሉ። የፍሬን ዘይትም ከአየር ውስጥ እርጥበት ስለሚስብ አሮጌው ተደፍቶ አዲስ ይሞላል። ሙከራው በግቢ ውስጥ፣ በዝግታ ይደረጋል። ወደ መንገድ የሚወጣው ምርመራ አልፎ ቦሎ ከተለጠፈ በኋላ ነው።

መለዋወጫ ከየት ይገኛል?

ስፔን ውስጥ ሴአት፣ በዩጎዝላቪያ ደግሞ ዛስታቫ የሚባሉ ፋብሪካዎች ከፊያት ፈቃድ አግኝተው ይህችኑ መኪና ሠርተዋል። ዛስታቫ እስከ 1985 ድረስ ስትሠራት ነበር። ስለዚህ ከእነዚህ የወጣ ዕቃ ብዙ ጊዜ ይገጥማል። መርካቶ ሶማሌ ተራ የአሮጌ መለዋወጫ ገበያ ነው። እዚያ የጠፋውን ቶርኖ ቤት ሊሠራው ይችላል። ነገር ግን ባለቶርኖው ልክ ይፈልጋል። ልኩን በደብተሩ የጻፈ ሰው ሁለተኛ አይመላለስም።

ደብተሩ ያዳናት መኪና

አሁን ወደ ሽማግሌው እንመለስ። አባትና ልጅ ሥራውን በየእሑዱ ይሠሩ ነበር። ወለሉ ተበየደ። ሞተሩ ተፈቶ በጣሳና በሣጥን ተቀመጠ። እዚህ ላይ እንዳሉ በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ብዙ አሮጌ ቤቶች በኮሪደር ልማት ምክንያት ፈረሱ። ነዋሪው ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛወረ። እነሱም ዕቃቸውን መጫን ግድ ሆነባቸው።

ጎረቤት መጥቶ፣ “ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ጣሳ የት ይወስዱታል? ቆራሌው ይውሰደው” አለ።

ሽማግሌው አንዱን ጣሳ አንሥተው አሳዩት። “አንብበው” አሉ። “‘ሲሊንደር 3፣ ቫልቭ’ ይላል። ስም ያለው ዕቃ አይጣልም፤ አይጠፋምም።”

ጣሳዎቹ በመኪና ተጫኑ። በአዲሱ ሰፈር ሰፊ ግቢ አልነበረም። ቢሆንም በደብተሩ መሠረት፣ ብሎን በብሎን፣ ሞተሩ ተመልሶ ተገጠመ። አንድ ቀን ጠዋት ሴይቼንቶዋ ተነሣች። ሽማግሌው መጀመሪያ ያደረጉት ነገር መንዳት አልነበረም። ፍሬኑን ሦስት ጊዜ ረግጠው አዩ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? መፍቻ ብቻውን ባለሙያ አያደርግም። ያረጀውን የሚያስነሣው ትዕግሥት፣ ቅደም ተከተልና በጊዜው የተጻፈ ማስታወሻ ነው። የውሃ ፓምፕ ወይም የወፍጮ ሞተር ስንፈታም እንዲሁ እናድርግ። መጀመሪያ እንመርምር፤ ቀጥለን እንጻፍ፤ ከዚያ እንፍታ።

የቃላት ፍች

ሊብሬ፦ የመኪና ባለቤትነት መታወቂያ ደብተር።
ላሜራ፦ ስስ የብረት ዝርግ።
ካንዴላ፦ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥል ዕቃ።
ሞተሪኖ፦ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣ ትንሽ ሞተር።
ቴስታታ፦ የሞተር የላይኛው ክዳን።
ቶርኖ ቤት፦ ብረት በልክ የሚቀረጽበት የሥራ ቤት።

ጥያቄዎች

1. ካዛንቺስ የሚለው ስም ከየት መጣ?
2. ሽማግሌው ከመፍቻ በፊት ደብተርና እርሳስ የጠየቁት ለምንድን ነው?
3. ዝገትን በስቱኮ መሸፈን ጉዳቱ ምንድን ነው?
4. ፍሬን ከቀለም የሚቀድመው ለምንድን ነው?
5. በቤታችሁ ወይም በቀበሌያችሁ የተበላሸ መሣሪያ አለ? ከመፍታታችሁ በፊት ምን ምን እንደምትጽፉ በደብተራችሁ ዘርዝሩ።